ጭላዳን በነጥብ ብቻ መሳል፦ ነገሩ እንዴት ይሠራል?

ባለፈው ክረምት ነው። ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት፣ መስኮቱ ስር ጠረጴዛ ይዤ የወንድ ጭላዳ ሥዕል እሠራለሁ። እናቴ ቡና ይዛልኝ መጣች። ሲኒውን ከማስቀመጧ በፊት ጎንበስ ብላ ወረቀቱን አየችው።

"ምነው ልጄ፣ ሰርገኛ ጤፍ የተደፋበት አስመሰልከው" አለችኝ።

ሲኒውን አስቀምጣ ወደ በሩ ሄደች። እዚያ ደርሳ ዞር ስትል ቆም አለች።

"ውይ! ጭላዳ ነው እንዴ!"

ጠረጴዛው ጋ ጤፍ፣ በሩ ጋ ጭላዳ። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው። የቀረው ጽሑፍ ይህን ማፍታታት ነው።

እንዲህ ያሉ የዱር እንስሳት ሥዕሎች አሁን አሁን በቴሌግራምም በፌስቡክም ይዞራሉ። ያያቸው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይላል። አንዱ "ፕሪንት ነው፣ አትሸውዱን" ይላል። ሌላው "ምን ዓይነት ትዕግስት ነው!" ብሎ ያደንቃል። የመጀመሪያው ተሳስቷል። ሁለተኛውም ብዙ አልተሻለም። ትዕግስት ይጠይቃል፣ እሱ አይካድም። ግን ምስር ለቃሚም ትዕግስት አላት፤ ጥልፍ ጠላፊም አላት። እዚህ የሚከብደው እጅን ማመላለሱ ሳይሆን ነጥብ የማይነካው ቦታ የቱ እንደሆነ ማወቁ ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ ይገባችኋል።

ስቲፕሊንግ ምንድን ነው?

ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ በነጥብ ብቻ መሳል ማለት ነው። ነጭ ወረቀት፣ ጥቁር ቀለም፣ ቀጭን ጫፍ ያለው ብዕር፤ በቃ። መስመር አይሰመርም፣ በጭረት አይሸፈንም፣ በጣት አይታሽም። ብዕሩ ወረቀቱን ነካ ያደርግና ይነሳል። እንደገና ነካ ያደርግና ይነሳል። ነጥቦቹ በተጠጋጉበት ይጠቁራል። በተራራቁበት ይነጣል።

እዚህ ላይ አንድ ማደናገሪያ ላጥራ። እኛ "ቀለም" ስንል ቀዩንም አረንጓዴውንም፣ ብዕር የሚጠጣውንም፣ ትምህርቱንም ነው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቀለም ስል ብዕር የሚጠጣውን ጥቁሩን ፈሳሽ ማለቴ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለም ሲበጠብጡ ዋናው ነገር ጥላሸት ነው። ጥላሸት ካርቦን ነው። ዛሬ ለሥዕል የሚሸጡ ብዙዎቹ ጥሩ ጥቁር ቀለሞችም መሠረታቸው ያው ካርቦን ነው። ካርቦን ብርሃን አያደበዝዘውም። መቶ ዓመታት የቆየ ብራና ዛሬም ጥቁር ሆኖ የሚነበበው ለዚህ ነው። የተራ እስክሪብቶ ቀለም ግን መስኮት አጠገብ ከሰቀላችሁት ቀስ እያለ ይገረጣል።

ግራጫ ቀለም ከሌለ ግራጫው ከየት መጣ?

ወረቀቱ ላይ ግራጫ የሚባል ነገር የለም። ነጥብ አለ፣ ወረቀት አለ። ጥቁር አለ፣ ነጭ አለ።

ወደ እናቴ ጤፍ እንመለስ። ሰርገኛ ጤፍ ነጩና ቀዩ የተቀላቀለ ነው። ተሰጥቶ ከሩቅ ስታዩት አንድ ወጥ መልክ አለው፤ ነጭም አይደል፣ ቀይም አይደል። እፍኝ ዘግናችሁ ቀረብ አድርጋችሁ ስታዩት ግን ነጩ ነጭ ነው፣ ቀዩም ቀይ ነው። መካከለኛ መልክ ያለው ፍሬ አንድም የለም። መካከለኛውን የፈጠረው ዓይናችሁ ነው።

ዓይን አቅሙ ውስን ነው። ሁለት ነገሮችን ለያይቶ ለማየት በመካከላቸው የተወሰነ ክፍተት ይፈልጋል። ጤነኛ ዓይን ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይበቃዋል። 2 ሜትር ሲርቅ ግን ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ካልሆነ አይለየውም፤ አንድ ላይ ጨፍልቆ ያየዋል። ስለዚህ በግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት የተቀመጡ ነጥቦች ጠረጴዛው ላይ ነጥብ ናቸው። በሩ ጋ ግራጫ ይሆናሉ። እናቴ ሲኒውን አስቀምጣ የተራመደችው ያቺን 2 ሜትር ነው።

ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚሁ ነው። አቀርቅሮ ሲሠራ ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው። "ገና አልጠቆረም" እያለ ይጨምራል። ሲነሳ ጭላዳው ከሰል ሆኗል። እኔ በየሩብ ሰዓቱ እነሳለሁ። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ለእግርም ይጠቅማል።

ጋዜጣ ላይ ያለው ፎቶስ እንዲሁ አይደል?

ዘመዱ ነው። የድሮ ጋዜጣ ፎቶ በማጉያ መነጽር አይታችሁ ከሆነ፣ ፊቱ ሁሉ ነጥብ ነው። ማተሚያ ቤቱም ግራጫ ቀለም የለውም። ልዩነቱ በአዘራሩ ላይ ነው።

ጤፍ በመስመር መዝራትና በብተና መዝራት የሚባለውን ክርክር የማያውቅ ገበሬ የለም። የጋዜጣ ፎቶ በመስመር የተዘራ ነው። ነጥቦቹ እኩል ርቀት ይዘው በሰልፍ ይቆማሉ፤ የሚለያዩት በውፍረት ነው። ጥቁር ቦታ ላይ ነጥቡ ይወፍራል፣ ነጣ ያለው ቦታ ላይ ይቀጥናል። ስቲፕሊንግ ደግሞ ብተና ነው። ነጥቦቹ ውፍረታቸው ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያየው በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው። ብተና ደግሞ እንዲሁ መርጨት አይደለም። ሲበትን የኖረ ገበሬ የት እንደሚያሳሳና የት እንደሚያበዛ እጁ ያውቃል።

በባለ ብዙ ቀለም ነጥብ የሚሠራ ሥዕልም አለ። የፈረንሳዩ ዦርዥ ሱራ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የታወቀበት ነው። ሐሳቡ አንድ ቢሆንም የእኛ ጉዳይ ጥቁርና ነጩ ብቻ ስለሆነ እሱን እዚህ ልተወው።

ማን ጀመረው? ለምንስ እንስሳ ላይ በረታ?

ጣሊያናዊው ጁሊዮ ካምፓኞላ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በቬኒስ አካባቢ፣ የመዳብ ሰሌዳ በነጥብ እየወጋ ለኅትመት የሚሆን ምስል ሠርቷል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ዘዴው እንግሊዝ አገር ፋሽን ሆነ።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ነው። ዕፅዋትና እንስሳት የሚያጠኑ ሰዎች ለኅትመት የሚሆን ሥዕል ይፈልጉ ነበር። በእርሳስ የታሸ ጥላ በተራ ማተሚያ ሲወጣ ይበላሻል። ነጥብ ግን ያው ጥቁር ስለሆነ እንደ ፊደል ይታተማል። ሌላም ምክንያት አለ፣ እኔ የምወደው ይህን ነው። የጥንዚዛን ጀርባ በጭረት ብታጠቁሩት፣ ተመልካቹ "ጀርባው ላይ እነዚህ ጭረቶች አሉ ማለት ነው?" ብሎ ይጠይቃል። መስመር እንደ ሸንተረር፣ እንደ ሥር፣ እንደ ጸጉር ሊነበብ ይችላል። ነጥብ ግን ጥላ ብቻ ነው። የሌለ አካል አይጨምርም።

ጭላዳን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1835። ፎቶግራፍ ለዓለም ይፋ የሆነው ገና በ1839 ነው። ያኔ ያለ ሥዕል አማራጭ አልነበረም። በሌላ በኩል አንኮበር ገደል ላይ የምትኖር አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ አለች፤ የሳይንስ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ስሟም አንኮበርን ይዟል። ያኔ ካሜራ ሞልቶ ተርፏል። ቢሆንም ብዙ የወፍ መለያ መጻሕፍት ዛሬም በሥዕል ነው የሚሠሩት። ፎቶ አንዲትን ወፍ በአንድ ቅጽበት ብርሃን ያሳያል። ሥዕል ግን ወፊቱን ከሌሎች የሚለያትን ነገር መርጦ ያሳያል።

ስንት ነጥብ ይፈጃል?

ሁሉም የሚጠይቀኝ ነው። ቆጥሬ አላውቅም። ማስላት ግን ይቻላል።

አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው። ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ እንዲሆን ፈለጋችሁ እንበል። 0.5 ሚሊ ሜትር ጫፍ ባለው ብዕር 250 ነጥብ ገደማ ይበቃል። 0.2 ሚሊ ሜትር ጫፍ ባለው ግን 1,600 ገደማ ይፈልጋል። ጫፉ በግማሽ ሲቀጥን የነጥቡ ስፋት ወደ ሩብ ስለሚወርድ ነው። ነጥቦች ስለሚደራረቡ በተግባር ከዚህም ይበልጣል።

አሁን መዳፍ የሚያህል ቦታ አስቡ፤ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር። በሰከንድ ሁለት ነጥብ ትጥላላችሁ። በወፍራሙ ብዕር 25,000 ነጥብ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ። በቀጭኑ 160,000 ነጥብ፣ 22 ሰዓት ገደማ። ያውም እጅ ሳያርፍ፣ ቡና ሳይጠጣ። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ሰው ሁሉንም በቀጭን ብዕር የማይሠራው። ዓይን፣ አፍንጫና የፊት ጠርዝ በቀጭኑ። የጀርባ ጥላና ከኋላ ያለው ገደል በወፍራሙ።

ምን ዓይነት ብዕር ነው?

የድሮ ኢንጂነሮች ንድፍ የሚያነሱበትን ሮትሪንግ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እሱ ይሆናል። አሁን ሠዓሊዎች ይበልጥ የሚይዙት ሳኩራ ማይክሮንን የመሳሰሉትን ነው። ቁጥሩ እንዳያሳስታችሁ፤ ማይክሮን ላይ 005 የሚለው 0.2 ሚሊ ሜትር ነው፣ 08 የሚለው ደግሞ 0.5። እዚህ ከተማ ስጠይቅ የሚሰጠኝ እስክሪብቶ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሳገኝ አስመጣለሁ።

በእስክሪብቶ አይቻልም ወይ? ይቻላል፣ ያስቸግራል እንጂ። እስክሪብቶ ጫፉ ላይ ትንሽ ኳስ አለችው። ቀለም የምታወጣው ስትንከባለል ነው። ነጥብ ስትጥሉ ደግሞ አትንከባለልም። ስለዚህ አንዱ ነጥብ ገርጥቶ ይወጣል፣ ቀጣዩ ዝርግፍ ይላል። ብርድ ሲሆን ደግሞ ቀለሙ ይወፍራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭዋን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት እስክሪብቶውን ብብቴ ስር ይዤ እንደ ቴርሞሜትር አሙቄው ነው የምጀምረው።

የአያያዙ ነገር አጭር ነው። ብዕሩን ቀጥ አድርጉት። ካዘነበለ ወይም ሳይነሳ ከተጎተተ ነጥቡ ጭራ ያወጣል። ነጥብ መሆኑ ይቀርና ሰረዝ ይሆናል። ወረቀቱ ልስልስ ያለና ወፈር ያለ ይሁን። ስስ ወረቀት ቀለም ይመጥና ነጥቡን ያሰፋዋል። ከእጃችሁ ስር ሌላ ቁራጭ ወረቀት አድርጉ፣ እጅ ወዝ አለው።

ጸጉር በነጥብ እንዴት ይሳላል?

ዋናው ጥያቄ ይኸ ነው። ጸጉር መስመር ነው፣ ነጥብ ክብ ነው። እንዴት ይታረቃሉ?

ያን ጭላዳ ፎቶ ያነሳሁት ጣርማ በር ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ሲና ከመውረዱ በፊት፣ ገደሉ አፍ ላይ። መንገዱ ደህና በሆነ ቀን ጠዋት ከገደል ወጥተው ሣር ሲግጡ ይታያሉ። ማታ ተመልሰው ገደሉ ውስጥ ያድራሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም በዱር አይገኝም። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ፣ ሳይነሳ በመቀመጫው ፈቀቅ ይላል። ለሠዓሊ ምቹ ነው፤ እንደሱ ተቀምጦ የሚሳል እንስሳ አላየሁም።

ወንዱ ከትከሻው የሚወርድ እንደ አንበሳ ያለ ጎፈር አለው። መጀመሪያ እያንዳንዱን ጸጉር በነጥብ ልሠራ ሞከርኩ። ነጥቦቹ ሰልፍ ያዙ። ነጥብ ሰልፍ ከያዘ ደግሞ ዓይን መስመር አድርጎ ያነበዋል። የወጣው ጎፈር አልነበረም፤ ጉንዳን ነው። በጭላዳ ጀርባ ላይ የሚሄድ የጉንዳን ሰልፍ።

መፍትሔውን ያገኘሁት የሣር ክዳን ሳይ ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን በጓሳ ሣር ይከድናል። ክዳኑን ቆማችሁ ብታዩት እያንዳንዱ ሣር አይታያችሁም። የሚታየው በእስር በእስሩ መሃል የገባው ጥላ ነው። ጥላው ሣሩን ያሳያል። ጎፈርም እንደዚሁ ነው። ጸጉሩን አትስሉትም። በዘለላና በዘለላው መካከል የገባውን ጥላ ነው የምትስሉት። ጸጉሩ ራሱ ወረቀቱ ነው። ነጥቦቹ ወደ ጸጉሩ አቅጣጫ ያዘነብላሉ፤ ሥር ሥሩ ላይ ይጠቀጠቃሉ፣ ወደ ጫፉ ይበታተናሉ። ግን ሰልፍ አይሠሩም።

የሚጀመረው ከዓይን ነው። ዓይን ውስጥ ያለችው የብርሃን ጭላንጭል ሽንኩርት ዘር አታህልም። አንዴ ነጥብ ካረፈባት እንስሳው ሞቷል። ስለዚህ በእርሳስ አክብቤ፣ ዙሪያዋን አጥቁሬ፣ እሷን አልነካም። የጭላዳ የዓይን ቆብም እንዲሁ ነጣ ያለ ነው። ሲቆጣ ቅንድቡን ወደ ላይ ይስበውና ቆቡ ብልጭ ይላል። እሱንም ተውኩት።

ደረቱ አስቸገረኝ። ጭላዳ ደረቱ ላይ ጸጉር የሌለው ቀይ ገላ አለው። በጥቁር ቀለም ቀይ እንዴት ይሆናል? ፎቶውን በስልክ ወደ ጥቁርና ነጭ ስቀይረው ጉዱ ታየኝ። ቀዩ ገላና ቡናማው ጸጉር ወደ አንድ ዓይነት ግራጫ ተለወጡ። ፎቶውን ብከተል ደረቱ ይጠፋል። ለጭላዳ ደረቱን ማጥፋት ደግሞ ዝሆንን ያለ ኩምቢ መሳል ነው። ያደረግኩት ይህን ነው፦ ጥቁረቱን ትቼ አቀማመጡን ለየሁት። ገላው ላይ ነጥቦቹ ደቃቅና እኩል የተራራቁ፤ ቆዳ ልስልስ ነዋ። ጸጉሩ ላይ ደግሞ ያዘነበሉና ወጣ ገባ። ወንዱ በቀዩ ዙሪያ ነጭ ጸጉር ስላለው፣ እሱን ወረቀት አድርጌ ተውኩት። ቀይ አልሆነም። ሌላ ነገር መሆኑ ግን ታወቀ።

ቀይ ቀበሮስ?

ቀይ ቀበሮ ላይ ችግሩ ይገለበጣል። መንዝ ውስጥ የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ አለ፤ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ። የአካባቢው ሰው ሣሩ መቼ እንደሚታጨድና መቼ እንደሚዘጋ በራሱ ሥርዓት እየወሰነ ለዘመናት የጠበቀው ነው። ቀይ ቀበሮ እዚያ አለ። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶች ከ500 እንደሚያንሱ ይነገራል፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ተጠግቶ ማንሳት የለም። ከሩቅ አንስተህ የምታገኘው ቅርጹን ነው። ጸጉሩን አታገኝም። እኔ የጸጉሩን አወራረድ ከሰፈር ውሻ ተማርኩ። ውሻው ፀሐይ ላይ ተኝቶ ነበር፤ አልተቃወመም።

ቅርጹን ግን ከውሻ አትውሰዱ። ቀይ ቀበሮ እግሩ ረጅም ነው፣ አፉ ሹል ነው። እግሩን ካሳጠራችሁት የጎረቤት ውሻ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ ናቸው። ነጭን በነጭ ወረቀት ላይ እንዴት ታሳያላችሁ? የጀማሪ መልስ ዙሪያውን ማስመር ነው። ያኔ የተቆረጠ ካርቶን ይመስላል። ትክክለኛው መልስ ከኋላ ያለውን ሣር ማጥቆር ነው። ሣሩ ሲጠቁር ጉሮሮው ብቻውን ወጥቶ ይመጣል። ማንም አልሳለውም።

ቁራና ጅግራን በአጭሩ ልለፋቸው። የደጋው ትልቁ ቁራ ሁለመናው ጥቁር ነው፣ ማጅራቱና የምንቃሩ ጫፍ ላይ ብቻ ነጭ አለው። ሙሉ በሙሉ ካጠቆራችሁት ወፍ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ይመስላል። ላባ ያብረቀርቃል፤ የሚያብረቀርቅበትን በትንሹ ክፈቱ። ጅግራ ደግሞ የተፈጥሮ ቀልድ ናት። ጥቁር ሆና በነጭ ነጥብ የተረጨች። እሷን ለመሳል ነጥቡን መተው፣ በነጥቡ ዙሪያ መንጠብ ነው። አንድ ጊዜ ሞክሬ ክንፏ ላይ አቁሜያለሁ።

ብሳሳትስ?

ቀለም አይጠፋም። ይህን የተማርኩት በቀይ ቀበሮ ጉንጭ ነው። ነጥቡ ሳይደርቅ እርሳሱን ላጥፋ ብዬ ላጲስ አነሳሁ። ከዓይኑ እስከ አፉ ጭስ የመሰለ ግራጫ ተዘረጋ። ያለኝ አማራጭ አንድ ነበር፤ ያንን ጎን ጥላ ማድረግ። አሁን ያ ቀበሮ በአንድ ጎኑ ፀሐይ ጠልቆበታል። ሰዎች "ብርሃኑ ደስ ሲል!" ይሉኛል። ዝም እላለሁ።

የብራና ጸሐፊ ሲሳሳት በቢላ ይፍቀዋል፤ ብራና ቆዳ ስለሆነ ይችላል። ወፍራም ወረቀትም በምላጭ ጫፍ አንድ ሁለት ነጥብ ያስፍቃል። ተራ ወረቀት ግን ይቀደዳል።

ፊልተር ወይም ኤአይ አይሠራውም?

ይሠራል። ፎቶ ሰጥታችሁት በሰከንድ ነጥብ የሚያደርግ መተግበሪያ ሞልቷል። የሚሠራው ሥራ ግልጽ ነው፦ የፎቶውን ጥቁረት እየለካ ያንኑ ያህል ነጥብ ያስቀምጣል። የጭላዳውን ደረት አስታውሱ። ተራ ፊልተር ቀዩን ገላና ቡናማውን ጸጉር አንድ ግራጫ አድርጎ ነው የሚያያቸው፤ ደረቱ ይጠፋል። ቆዳና ጸጉር ልዩ መሆናቸውን አያውቅም። ኤአይ ሌላ ነገር ነው፤ ደረቱን ላያጠፋው ይችላል፣ ግን ካየው ብዙ ሥዕል በተማረው ስለሚሞላ ጣርማ በር ላይ የተቀመጠውን ያን ጭላዳ ላይሰጣችሁ ይችላል።

ከፎቶ እያዩ በእጅ መሳል ግን ማጭበርበር አይደለም። ጭላዳ ለ22 ሰዓት ቁጭ አይልላችሁም።

ስልክ ላይ ስለጥፈው ለምን ይበላሻል?

ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል፣ ይጨምቀዋልም። የስልኩ ስክሪን ራሱ ነጥብ በነጥብ ነው። የእናንተ ነጥቦችና የስክሪኑ ነጥቦች ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ውሃ ላይ እንደሚታይ ሞገድ ያለ ነገር ይፈጠራል። ሥዕሉ ላይ የለም፤ ስክሪኑ የፈጠረው ነው። ስለዚህ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። ከሙሉው ጋር ደግሞ አንድ ቁራጭ፣ ዓይኑን ብቻ፣ ቀረብ አድርጋችሁ ጨምሩ። "ፕሪንት ነው" የሚለውን ሰው ዝም የሚያሰኘው እሷ ናት።

ኮፒ ቤት ወስዳችሁ የምታስነሱት ከሆነም ስካነሩን ቢያንስ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) አድርጉልኝ በሉ። እኔ ሳልናገር ቀርቼ ጎፈሩ ሁሉ ጭቃ ሆኖ ወጣልኝ። ልጁ "ኦሪጅናሉም እንዲህ ነው" ብሎ ድርቅ አለ።

አለቀ የሚባለው መቼ ነው?

ነጥብ ሁልጊዜ መጨመር ይቻላል። መቀነስ አይቻልም። ስለዚህ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አንድ ሌሊት አሳድረዋለሁ። ጠዋት ከበሩ ሳየው የጎደለው ይታወቀኛል። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለ ነገር የለም፣ እጄን ነው የበላኝ።

ያን ጭላዳ ሳሳድረው ጀርባው ላይ ገና አልሠራሁም ነበር። ፀሐይዋ ከኋላው ስለነበረች ጀርባው በብርሃን ተውጧል፤ ከጎፈሩ ጫፍ እስከ ወገቡ ባዶ ወረቀት ነው። ላስምረው ወይስ ልተወው እያልኩ ሳመነታ ጠዋት እናቴ ቁርስ በላ ልትለኝ ብቅ አለች።

"እማዬ፣ እዚያው ቁሚልኝ። ጀርባው ይታይሻል?"

"ይታየኛል እንጂ" አለች። በጣቷ አየር ላይ ከትከሻው እስከ ወገቡ ጎበጥ አድርጋ አሳየችኝ። "እንዲህ አይደል የሄደው?"

ብዕሩን ከደንኩና ቁርስ ልበላ ተነሳሁ።